ስለ ፎርሙላ ሁለት፤ ነጂ በየደረጃው እንዴት እንደሚሠለጥን



በትምህርት ቤታችን መጽሔት ላይ ስለ መኪና እሽቅድምድም የሚናገር ጽሑፍ መውጣቱ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር እንደሚሆን ዐውቃለሁ። በደባርቅ የእሽቅድምድም ሜዳ የለም። ይሁን እንጂ መኪናና መንገድ ለእኛ እንግዳ አይደሉም። ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል አድርጎ ከተማችንን ሰንጥቆ የሚያልፈውና በሊማሊሞ ገደል እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማ የሚወርደው መንገድ ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ነው። ከክፍላችን ተማሪዎች መካከል ሾፌር ወይም ረዳት የሆነ ዘመድ የሌለው ጥቂት ነው።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሡኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው እንዲህ ነው። አንድ እሑድ ከጓደኞቼ ጋር የእግር ኳስ ጨዋታ ለማየት ወደ አንድ ሻይ ቤት ገባን። ጨዋታው ገና ስላልተጀመረ በቴሌቪዥኑ ላይ መኪኖች ይሽቀዳደሙ ነበር። ከመካከላችን አንዱ፣ «ይህ እኮ ፎርሙላ ዋን አይደለም፤ ፎርሙላ ሁለት ነው» ቢል፣ ሌላው፣ «ታዲያ ከመጀመሪያው ሁለተኛ መሆናቸው ከታወቀ ምን ያሽቀዳድማቸዋል?» ብሎ አሣቀን። ሣቁ አለፈ፤ ጥያቄው ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። በማግሥቱ የፊዚክስ መምህራችንን ብጠይቃቸው፣ «ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልሱን ፈልገህ ለጓደኞችህ ጻፍላቸው» አሉኝ።

ሁለተኛው ምክንያት በራሴ ላይ የደረሰ ነገር ነው። እርሱን ወደ መጨረሻው እናገረዋለሁ። አስቀድሜ ግን አንባቢ እንዳይሳሳት፣ ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስታውቃለሁ።

ፎርሙላ ሁለት ምንድን ነው?

በእሽቅድምድም ቋንቋ «ፎርሙላ» ማለት ደንብ ማለት ነው። ይኸውም በውድድሩ የሚገቡት መኪኖች ሁሉ ሞተራቸው፣ ክብደታቸውና ቅርጻቸው ምን መሆን እንዳለበት የሚወስን ሕግ ነው። ይህን ሕግ የሚያወጣው በ1904 ዓ.ም. የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ነው። የፎርሙላ አንድ የዓለም ሻምፒዮና የመጀመሪያው ውድድር በእንግሊዝ አገር በሲልቨርስቶን ሜዳ ግንቦት ወር 1950 ዓ.ም. ተደረገ። የፎርሙላ ሁለት ደንብ ግን ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ በ1948 ዓ.ም. ወጥቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ውድድሩ ስሙን ብዙ ጊዜ ለውጧል። ከ1967 እስከ 1984 ዓ.ም. የአውሮፓ ፎርሙላ ሁለት ሻምፒዮና ይባል ነበር። ከ1985 እስከ 2004 ፎርሙላ ሦስት ሺህ፣ ከ2005 እስከ 2016 ጂፒ ቱ ተባለ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ቀድሞ ስሙ ተመልሶ ፎርሙላ ሁለት ሆነ። ስሙ ቢለዋወጥም ዓላማው አልተለወጠም። ዓላማውም ወጣት ነጂዎችን ለፎርሙላ አንድ ማዘጋጀት ነው።

እንግዲህ የጓደኛችን ጥያቄ መልስ እዚህ ላይ ይገኛል። «ሁለት» የሚለው ቁጥር የተሸናፊነት ምልክት አይደለም፤ የክፍል ቁጥር ነው እንጂ። ዐሥራ አንደኛ ክፍል ያለ ተማሪ ከዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የተሸነፈ አይባልም። ገና መንገድ ላይ ያለ ነው።

ደረጃዎቹ

ነጂው የሚጀምረው ካርት በሚባለው ትንሽ መኪና ነው። ካርት በ1956 ዓ.ም. በአሜሪካ በካሊፎርንያ የተፈጠረ፣ ጣራና በር የሌለው፣ ከመሬት እጅግ ዝቅ ያለ፣ ትንሽ ሞተር የተገጠመለት መኪና ነው። ልጆች በሰባትና በስምንት ዓመታቸው ይነዱታል።

ከካርት ቀጥሎ ፎርሙላ አራት ይመጣል። ይህ ደረጃ በ2014 ዓ.ም. የተጀመረ ሲሆን፣ ልጁ ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው ሊገባበት ይችላል። ሞተሩ ከ160 እስከ 180 የሚደርስ የፈረስ ጉልበት አለው። ከዚያ በላይ ያለው ፎርሙላ ሦስት ሲሆን፣ ጉልበቱ ወደ 380 ከፍ ይላል። ፎርሙላ ሁለት ደግሞ 3.4 ሊትር የሚይዝ ባለ ስድስት ሲሊንደር ቱርቦ ሞተር ሲኖረው፣ ጉልበቱ 620 ነው። ፍጥነቱም በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር ያልፋል። የፎርሙላ አንድ መኪና ወደ 1,000 የሚጠጋ የፈረስ ጉልበት አለው።

አንባቢ ሆይ፤ ቁጥሮቹን ልብ ብለህ ተመልከታቸው። ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ሲታለፍ ጉልበቱ ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይሆናል። ማንም ቢሆን ከ180 የፈረስ ጉልበት በቀጥታ ወደ 1,000 እንዲዘል አይፈለግም። ነገሩ ለአገራችን ሰው አዲስ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተማሪው ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት፣ ከቅኔ ቤትም ወደ መጻሕፍት ቤት ያልፋል። ፊደል ሳይለይ ቅኔ ልቍጠር የሚል ተማሪ ቢመጣ መምህሩ ምን እንደሚሉት ሁላችንም እንገምታለን።

ፈተናው የሚደረገው እንዴት ነው?

በፎርሙላ አንድ እያንዳንዱ ቡድን መኪናውን ራሱ ይሠራል። ስለዚህ አንድ ነጂ ቢያሸንፍ፣ ያሸነፈው ሰውየው ነው ወይስ መኪናው? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በፎርሙላ ሁለት ግን ለሁሉም የሚሰጠው መኪና አንድ ዓይነት ነው። አካሉን ዳላራ የተባለ የኢጣልያ ፋብሪካ፣ ሞተሩን ሜካክሮም የተባለ የፈረንሳይ ፋብሪካ፣ ጎማውን ፒሬሊ ያቀርባሉ። ስለዚህ ልዩነቱ የሚወጣው ከነጂው ችሎታና ከቡድኑ አዘገጃጀት ነው። ለሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት የፈተና ወረቀት እንደ ማደል ማለት ነው።

ውድድሩ የሚደረገው በአብዛኛው ፎርሙላ አንድ በሚደረግበት ሜዳ፣ በዚያው የሳምንት መጨረሻ ነው። ዓርብ ቀን ለ45 ደቂቃ ልምምድ፣ ከዚያም ለ30 ደቂቃ የሰልፍ ቦታ የሚለይበት ማጣሪያ ይደረጋል። ቅዳሜ አጭሩ ሩጫ ይሆናል፤ እንደ ደንቡ 120 ኪሎ ሜትር ወይም 45 ደቂቃ ነው። እሑድ ረጅሙና ዋናው ሩጫ ይደረጋል፤ እርሱም 170 ኪሎ ሜትር ወይም 60 ደቂቃ ነው። የእሑዱ አሸናፊ 25 ነጥብ፣ የቅዳሜው አሸናፊ 10 ነጥብ ያገኛል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ እጅግ የወደድሁት የቅዳሜውን አሰላለፍ ነው። በማጣሪያው ከአንደኛ እስከ ዐሥረኛ የወጡት ተገልብጠው ይሰለፋሉ። ዐሥረኛ የወጣው ከፊት፣ አንደኛ የወጣው በዐሥረኛው ቦታ ይቆማል ማለት ነው። ይህ የሆነበት ምክንያት ፈጣኑ ነጂ ሌሎችን ማለፍ እንዲማር፣ ዘገምተኛውም ከፊት ሆኖ ቦታውን መጠበቅ እንዲለምድ ነው። ሁልጊዜ ከፊት የሚነሣ ሰው ሌላውን ማለፍ አይማርም።

በእሑዱ ሩጫ ደግሞ እያንዳንዱ ነጂ ቢያንስ አንድ ጊዜ ቆሞ ጎማ መቀየር ግዴታው ነው። ጎማው በሙቀት ቶሎ የሚያልቅ ስለሆነ፣ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ በሙሉ ኃይሉ የሚነዳ ሰው ወደ መጨረሻው ጎማው ከድቶት ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ የሚፈተነው ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ ትዕግሥትም ጭምር ነው። የሻምፒዮናውን ዋንጫ የወሰደ ነጂ በሚመጣው ዓመት ተመልሶ በፎርሙላ ሁለት እንዲወዳደር አይፈቀድለትም። ክፍሉን ስላለፈ ቦታውን ለሌላው ይለቃል።

ኩርባና ፍጥነት

አሁን ወደ ፊዚክስ ትምህርታችን ልመልሳችሁ። አንድ መኪና ኩርባ ላይ ሲታጠፍ ወደ ውጭ እንዳይወጣ የሚይዘው በጎማውና በመንገዱ መካከል ያለው ሰበቃ ነው። ለመታጠፍ የሚያስፈልገው ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ልክ ያድጋል። ስለዚህ ፍጥነቱን እጥፍ ያደረገ ሰው ከጎማው የሚጠይቀው ኃይል ሁለት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው።

ለምሳሌ ያህል በሊማሊሞ እንደሚገኙት ያለ፣ ራዲየሱ 20 ሜትር የሆነ ኩርባ እናስብ። በደረቅ አስፋልት ላይ የሰበቃው ቁጥር 0.7 ነው ብንል፣ ይህን ከመሬት ስበት 9.8 እና ከ20 ጋር አባዝተን ካሬ ሥሩን ብናወጣ በሴኮንድ 11.7 ሜትር እናገኛለን። ይህም በሰዓት 42 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዝናብ ዘንቦ ወይም ጠጠር ተበትኖ ሰበቃው ወደ ግማሽ ቢወርድ፣ የመጨረሻው ፍጥነት 30 ኪሎ ሜትር ብቻ ይሆናል። ከዚያ ካለፈ መኪናው መንገዱን ይለቃል። ጭነቱ ከፍ ያለ የጭነት መኪና ደግሞ ከመንሸራተቱ በፊት ሊገለበጥ ስለሚችል ከዚህም ቀስ ማለት አለበት።

የፎርሙላ መኪና ታዲያ ኩርባውን በዚያ ሁሉ ፍጥነት እንዴት ያልፈዋል? መልሱ ከፊትና ከኋላ በተሠሩለት ክንፎች ላይ ነው። የአውሮፕላን ክንፍ አየሩን ተጠቅሞ ወደ ላይ ያነሣል፤ የእሽቅድምድም መኪና ክንፍ ግን ተገልብጦ ስለ ተሠራ መኪናውን ወደ መሬት ይጫነዋል። መኪናው በፈጠነ መጠን ጎማው መንገዱን አጥብቆ ይይዛል። ነገር ግን ይህ አስቸጋሪ ትምህርት ነው። ፈርቶ ፍጥነቱን ከመጠን በላይ የቀነሰ ነጂ የክንፉን ኃይል ያጣል፤ ከልክ በላይ የደፈረም ይወጣል። ልኩን የሚያስተምረው ልምምድ ብቻ ነው።

ስለ ፍሬንም አንድ ነገር ልጨምር። 20 ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁል ቢወርድ፣ ከከፍታው የሚያወጣው ጉልበት ወደ 196 ሚሊዮን ጁል ይደርሳል። ይህ ሁሉ በፍሬን ብቻ ወደ ሙቀት ቢለወጥ፣ ሦስት በርሜል ያህል ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ፍሬን ሲግል ይሟሟል እንደሚባለው ሳይሆን መያዙን ይተዋል። ስለዚህም ነው ዐዋቂ ሾፌሮች ሊማሊሞን ከመውረዳቸው በፊት ወደ ከባድ ማርሽ ቀይረው በሞተሩ ኃይል እየያዙ የሚወርዱት። «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚለው የሾፌሮች ምክር በፊዚክስ መጽሐፋችን ካለው ሕግ ጋር የሚስማማ ነው።

ከፍታም የራሱ ትምህርት አለው። በፎርሙላ አንድ ሜዳዎች መካከል በከፍታ የታወቀው የሜክሲኮ ከተማ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ነው። ደባርቅ ግን ከ2,700 ሜትር በላይ ትገኛለች። በእኛ ከተማ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ ሦስት አራተኛ ዝቅ ያለ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ አየር ሲሠራ ጉልበቱ በአራት አንድ እጅ ያህል ይቀንሳል። አሮጌ የጭነት መኪና ዳገታችንን ሲወጣ ጥቁር ጭስ የሚያወጣውም ለነዳጁ የሚበቃ አየር ስለሚያጥረው ነው። ቱርቦ የሚባለው መሣሪያ አየሩን አምቆ ለሞተሩ ስለሚሰጥ ይህን ጉድለት ያቃልላል።

የመሰላሉ ፍሬና ጉድለቱ

ወደ ፎርሙላ አንድ ለመግባት ልዩ የመንጃ ፈቃድ ያስፈልጋል። በ2015 ዓ.ም. ማክስ ፈርስታፐን የተባለው የኔዘርላንድስ ወጣት በ17 ዓመቱ በፎርሙላ አንድ ስለ ተወዳደረ፣ ፌዴሬሽኑ ከ2016 ጀምሮ ደንቡን አጠበቀ። ልዩ ፈቃድ ካልተሰጠ በቀር ነጂው 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ በታችኞቹ ውድድሮችም በሦስት ዓመት ውስጥ 40 ነጥብ ማከማቸት ይገባዋል። የፎርሙላ ሁለት ሻምፒዮን እነዚህን 40 ነጥቦች በአንድ ጊዜ ያገኛል።

የዚህ ትምህርት ቤት ምሩቃን ብዙዎች ናቸው። በ2005 ዓ.ም. የመጀመሪያው የጂፒ ቱ ሻምፒዮን ኒኮ ሮዝበርግ ነበረ፤ እርሱም በ2016 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ2006 ያሸነፈው ሉዊስ ሃሚልተን ነው። ሃሚልተን በስምንት ዓመቱ በካርት ጀምሮ፣ አባቱ ከአንድ ሥራ በላይ እየሠሩ ያስተማሩት ልጅ ነው። በ2007 ፎርሙላ አንድ ገብቶ በመጀመሪያው ዓመት ዋንጫውን በአንድ ነጥብ ብቻ አጣ። በሚቀጥለው ዓመት ወሰደው፤ እስከ 2020 ድረስም ሰባት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ሻርል ለክሌር በ2017፣ ጆርጅ ራስል በ2018፣ ጋብርኤል ቦርቶሌቶ በ2024 በፎርሙላ ሁለት አሸንፈው በየሚቀጥለው ዓመት ወደ ላይኛው ክፍል ተዛወሩ። ለሴቶች ነጂዎች ደግሞ በ2023 ዓ.ም. ኤፍ ዋን አካዳሚ የተባለ የራሳቸው ውድድር ተከፍቷል። የመጀመሪያዋ ሻምፒዮን የስፔኗ ማርታ ጋርሲያ ነበረች።

ነገር ግን መልካሙን ብቻ ብጽፍ አንባቢን ማታለል ይሆንብኛል። መሰላሉ ሁለት ጉድለቶች አሉት።

የመጀመሪያው ገንዘብ ነው። በፎርሙላ ሁለት አንድ ዓመት ለመወዳደር የሚጠይቀው ወጪ በሚሊዮን ዩሮ የሚቈጠር ነው። ባለጠጋ አባት ወይም ደጋፊ ኩባንያ የሌለው ልጅ ችሎታ ቢኖረውም እንኳ ከመንገድ ይቀራል። አሸንፎም የሚቀር አለ። በ2022 ሻምፒዮን የሆነው ፌሊፔ ድሩጎቪች እና በ2023 ያሸነፈው ቴዎ ፑርሼር በሚቀጥለው ዓመት በፎርሙላ አንድ ቋሚ ቦታ አላገኙም። ከአፍሪካ ተነሥቶ የፎርሙላ አንድ ሻምፒዮን የሆነው የደቡብ አፍሪካው ጆዲ ሼክተር ብቻ ነው፤ ያውም በ1979 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ፈተናው እኩል ነው ብንልም፣ ወደ ፈተናው አዳራሽ የሚያስገባው በር ለሁሉም እኩል አልተከፈተም።

ሁለተኛው ጉድለት ሞት ነው። ነሐሴ 31 ቀን 2019 ዓ.ም. በቤልጂግ አገር በስፓ ሜዳ በተደረገው የፎርሙላ ሁለት ሩጫ፣ አንትዋን ዩቤር የተባለው የ22 ዓመት ፈረንሳዊ በግጭት ሕይወቱ አለፈ። በማግሥቱ በዚያው ሜዳ ፎርሙላ አንድን ያሸነፈው የልጅነት ጓደኛው ሻርል ለክሌር ነበር። በፎርሙላ አንድ የመጀመሪያው ድሉ ቢሆንም ለጓደኛው መታሰቢያ አደረገው እንጂ አልፈነጠዘበትም። ሥልጠና አደጋን ይቀንሳል፤ ፈጽሞ ግን አያጠፋም።

የእኛስ መሰላል?

በእሽቅድምድም መኪና ባይሆንም፣ በየደረጃው የማሠልጠንን ነገር ኢትዮጵያ በእግሯ አስመስክራለች። ደራርቱ ቱሉ በ1990 ዓ.ም. በቡልጋርያ በፕሎቭዲቭ ከተማ በተደረገው የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና 10,000 ሜትር አሸነፈች፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በባርሴሎና የኦሊምፒክ ወርቅ አመጣች። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1992 በሴኡል የወጣቶች ሻምፒዮና 5,000 እና 10,000 ሜትር አሸንፎ፣ በሚቀጥለው ዓመት በሽቱትጋርት ከዐዋቂዎች ጋር ተወዳድሮ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ሁለቱም ከወጣቶች ተራ ተነሥተው ወደ ላይ ወጡ።

በመንገዳችን ላይም መሰላል አለ፤ ስሙም ረዳትነት ነው። አሁን በራሴ ላይ የደረሰውን የምናገርበት ጊዜ ደረሰ።

ባለፈው ክረምት ከአጎቴ ጋር በጭነት መኪና ረዳት ሆኜ ሠርቼ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ መስከረም ሲጠባ ወደ ትምህርት ቤት ላለመመለስ በልቤ ቈርጬ ነበር። መሪ ከጨበጥሁ ገንዘብ አገኛለሁ፤ እናቴንም እረዳለሁ ብዬ ዐሰብሁ። አጎቴ ግን ከታኮ ሌላ ነገር አላስነካኝም። መኪናው ሲቆም ታኮ ማስገባት፣ ሲነሣ ታኮ ማውጣት፣ ጎማ መፈተሽ፣ ውሃ መጨመር፤ ይህ ብቻ ነበር ሥራዬ። «ጋሼ፣ መቼ ነው መሪ የምታስይዘኝ?» ስለው፣ «ታኮውን ስታውቀው» ይለኝ ነበር። እኔም የሚንቀኝ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን በዳባት አጠገብ በትንሽ ዳገት ላይ መኪናውን አቁሞ ምሳ ሊበላ ሄደ። ቍልፉን ትቶት ነበር። ታኮውን አወጣሁና ወጥቼ ሞተሩን አስነሣሁ፤ የእጅ ፍሬኑንም ለቀቅሁ። መኪናው ወደ ፊት ይሄዳል ስል ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ደንግጬ ፍሬኑን የረገጥሁ መስሎኝ የረገጥሁት ፍሪሲዮኑን ነበር። እግዚአብሔር ረድቶ የኋላው አካል ከመንገዱ ዳር ካለው የአፈር ግድግዳ ጋር ተጋጭቶ ቆመ። በዚያ ግድግዳ ሥር ድንች የሚሸጡ አንዲት እናት ተቀምጠው ነበር፤ ጩኸት ሰምተው ብድግ ብለው ሸሽተዋል። ቅርጫታቸው ከነድንቹ ከጎማው ሥር ገብቶ ተደፍጥጦ ነበር።

ከመኪናው ወርጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኋቸው። እርሳቸውም እየተንቀጠቀጡ፣ «ተነሥ ልጄ፤ እግዜር ሁለታችንንም አተረፈን» አሉኝ።

አጎቴ ሮጦ መጣ። ይመታኛል ብዬ ስጠብቅ አንዳች አልተናገረም። የድንቹንና የቅርጫቱን ዋጋ ቈጥሮ ለሴትዮዋ ሰጣቸው። መንገድ ከጀመርን በኋላ፣ ብዙ ዝም ብሎ ቆይቶ እንዲህ አለኝ፦ «ዛሬ የከፈልነው የድንች ዋጋ ነው። የሰው ቢሆን ኖሮ ከየት አምጥተን እንከፍል ነበር?»

ከዚያ ቀን በኋላ ክረምቱ እስኪያልቅ ድረስ ታኮዬን ይዤ ሠራሁ። በመጨረሻው ሳምንት አጎቴ ማንም ወደሌለበት ሰፊ ሜዳ ወሰደኝና ከጎኔ ተቀምጦ በአንደኛ ማርሽ ብቻ እንድነዳ ፈቀደልኝ። ሦስት ጊዜ ሞተሩን አጠፋሁት። ሦስት ጊዜም ሣቀብኝ። በሜዳው ላይ የሚጎዳ ሰው ስላልነበረ ስሕተቴ የሚያስቅ ብቻ ሆነ። ስንመለስም፣ «እኔ ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥሁት። ሞተሩ ለምን እንደሚግል በጆሮዬ ዐውቃለሁ፤ ምክንያቱን ግን አላውቅም። አንተ ምክንያቱን ተምረህ ና፤ መሪው የትም አይሄድም» አለኝ። እኔም በመስከረም ወር ወደ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ገባሁ።

ስለ ፎርሙላ ሁለት ባነበብሁ ጊዜ አጎቴ ለምን መሪ እንደ ከለከለኝ ገባኝ። ደረጃ ማለት ወጣቱን ለማዘግየት ወይም ለማዋረድ የተበጀ ነገር አይደለም። ሰው ሳይሳሳት አይማርም፤ ስለዚህ ስሕተቱ በትንሽ ዋጋ በሚከፈልበት ቦታ አስቀድሞ እንዲሳሳት የተሠራ ሥርዓት ነው። በካርት የሚሳሳት ልጅ ሣር ላይ ወጥቶ ይቆማል። በባዶ ሜዳ የሚሳሳት ረዳት ሞተር ያጠፋል። በሊማሊሞ ኩርባ ላይ የሚሳሳት ግን የራሱን ብቻ ሳይሆን የብዙ ቤተ ሰብ ዕዳ ይከፍላል።

ስለዚህ የክፍል ጓደኞቼ ሆይ፤ ከመካከላችሁ እንደ እኔ ለመሪ የቸኰለ ቢኖር፣ «የቸኰለ አፍሶ ለቀመ» የሚለውን የአባቶች ቃል እንዲያስብ እለምነዋለሁ። ያፈሰሰው ድንች ከሆነ ይለቀማል፤ የማይለቀም ነገር ግን አለ። ወላጆቻችን ሆይ፤ ልጃችሁ ረዳት ሊሆን ቢሄድ የሚያስተምረው ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ ታኮ አስይዞ የሚያዘገየውን ሾፌር አመስግኑት፤ ሳያስተምር መሪ የሚሰጠውን ግን ፍሩት። መምህሮቻችን ሆይ፤ የኩርባንና የሰበቃን ትምህርት በሰሌዳ ላይ ስታስተምሩን፣ ከመስኮታችን ውጭ የሚያልፈውን መኪና አሳዩን። ያን ጊዜ ትምህርቱ አይረሳንም።

ስለ ገንዘብ የተናገርሁትም አይዘንጋ። ለካርት የሚከፍል አባት ለሌለው ልጅ የፎርሙላ መሰላል ሩቅ ነው። የትምህርት ቤት መሰላል ግን በከተማችን መካከል ቆሟል። እኔ አሁን በዐሥራ ሁለተኛው እርከን ላይ ነኝ። ከላይ ያለው ምን እንደሆነ ገና አላየሁትም፤ ወደ ታች ስመለከት ግን የወጣሁባቸው እርከኖች አንዱም ያለ ጥቅም እንዳልነበረ አያለሁ።